የእናት ስለት፣ የልጅ እግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ከኪዳን እስከ ቅዳሴ ይቆማሉ። ሳንቀሰቅሳቸው የሚነሡም አሉ። ነሐሴ 16 ሲደርስ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ አንድ ነገር ያስባል፤ «ትምህርት ሳይጀመር ልጆቹን ይዘን አንድ ቦታ ደርሰን እንምጣ» ይላል። አንዱ ስለት አለበት፣ ሌላው ዘመድ ናፍቆታል፣ ሌላው ደግሞ ጠበል መጠመቅ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ቀን ነው። ስንቅ ተይዞ፣ መኪና ተሳፍሮ መሄድ ነው። ታዲያ ምን የሚያሳስብ ነገር አለው?

ለእኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ስለዚህች አጭር ጉዞ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ወላጅ ስለ ልጁ ብሎ የተሳለውን ስለት የሚከፍለው ማን ነው? ወላጁ ነው ወይስ ልጁ? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የጠየቀኝ የገዛ ልጄ ነው።

«እኔ መቼ ተሳልኩ?»

የምንኖረው ደጀን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ «ተመስገን» የሚልባት ከተማ ናት። ከአፋፉ ላይ ቆመው ማዶውን ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት። በመኪና ግን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ይሻገሩና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ከዚያ ገርበ ጉራቻ፣ ከዚያ በፍቼ በኩል አልፎ ደብረ ሊባኖስ ነው። ከቤታችን እስከ ገዳሙ ድረስ ቢበዛ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ልጃችን ገና ድክ ድክ ሲል በጠና ታሞ ነበር። ሐኪም ቤት ባደርንበት ሌሊት እናቱ አለቀሰችና ተሳለች። «ተክልዬ፣ ከአምላክህ አማልደህ ይህን ልጅ ብታተርፍልኝ፣ ነፍስ ሲያውቅ በነሐሴ 24 በዕረፍትህ ቀን ከደጅህ ይዤው እመጣለሁ፤ ጃንጥላም አገባለሁ» አለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ዳነ። ጃንጥላውም ቆይቶ ተገዛና በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

በ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ጉዞውን ማቀድ ጀመርን። ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። እኔ የመሳፈሪያውን ብር አሰላለሁ፣ እናቱ ስንቁን ትቆጥራለች። በሶ ይፈጫል፣ ቆሎ ይቆላል፤ በ22 እንነሣለን፣ በ24 አንግሠን በ25 እንመለሳለን። ልጁ እዚያው እሳቱ ዳር ተቀምጧል። እኛ ግን ስለ እሱ የምናወራው ስለ ስንቁ በምናወራበት አፍ ነው። «እሱን በመስኮት በኩል እናስቀምጠው፣ በረሃው ያስመልሰዋል»፤ «አይ፣ ጾሙን ከጨረሰ ይበረታል» እንባባላለን።

ልጁ ድንገት፣ «ለምን ባሕር ዳር አንሄድም? እኔ ሐይቁን አይቼው አላውቅም» አለ።

እናቱ፣ «ስለት አለብህ እኮ!» አለችው።

ቀና ብሎ አያትና፣ «እኔ መቼ ተሳልኩ?» አለ።

ተቆጣሁ። «ዝም በል! የተሳለችው ለአንተው ሕይወት ነው!» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ሐምሌ ሳይወጣ በክልላችን ጦርነቱ ተነሣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። የዚያ ዓመት ጉዞ ቀረ። በ2016 ዓ.ም ሰኔ ላይ እናቱ፣ «ዘንድሮስ?» ብላ ጀመረች። ልጁ አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ጊዜ ምንም አልተናገረም። እኔም «ልብ ገዛልኝ፣ ተስማማ» ብዬ ደስ አለኝ። በዚያው ሰኔ መጨረሻ ግን ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ እንዲቆሙ ተደርገው ብዙ ተሳፋሪ ታገተ። ያ መንገድ የእኛው መንገድ ነው።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እኔ «ልጅ ይዤ በዚያ አልሄድም» አልኩ። ባለቤቴ ደግሞ፣ «ስለት የያዘ ሰው አይነካም፤ ተክልዬ ይጠብቀናል» አለች። ተስሎ ከማስቀረት ባይሳሉ እንደሚሻል መጽሐፈ መክብብ የሚያስተምረውን አነሣችብኝ (መክ. 5፡4-5)። እውነቷን ነው። መልስ አጣሁና ነገሩን ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው።

ልጁን ማን ጠየቀው?

አባታችን ሁለታችንንም ሳያቋርጡ አዳመጡን። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩና፣ «አንተስ ልጄ፣ ምን ትላለህ?» አሉት።

ልጁ መሬት መሬቱን እያየ ቆየ። በመጨረሻ፣ «አባ፣ አውቶቡሱን እፈራለሁ። ግን እማዬ ስለቷን ካላደረሰች እንደገና እታመማለሁ ብዬም እፈራለሁ» አለ።

ወገኖቼ፣ እዚያ ላይ አፈርኩ። እናቱም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ለካ ልጁ ሁለት ፍርሃት ተሸክሞ ነው አብሮን ሲበላና ሲተኛ የከረመው! ብንሄድ መታገት፣ ብንቀር መታመም ሆነበት። እኔ ደግሞ ዝምታውን «እሺ» ብዬ ተርጉሜው ነበር።

አባታችን ራሱን ዳበሱትና፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር አራጣ አበዳሪ አይደለም። ቅዱሳኑም ዕዳ ሰብሳቢዎች አይደሉም። የዳንከው በቸርነቱ ነው፤ እናትህ ደስ ብሏት ልታመሰግን ነው ቃል የገባችው። አንተ መያዣ አይደለህም» አሉት። ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ያንን ትንፋሽ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ ሁለትን አስታወሱን። እስቲ እኛም እናስተውለው።

የዐሥራ ሁለት ዓመቱ መንገደኛ

ጌታችን መድኃኔ ዓለም በሥጋው ወራት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ከእመቤታችንና ከአረጋዊው ከዮሴፍ ጋር ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ (ሉቃ. 2፡41-52)። የቤተሰብ ጉዞ ነው። ዘመድ አዝማድ አብሮ ይሄዳል፣ ስንቅ ይያዛል፣ በዓሉ ይከበራል፣ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ግን እርሱ በዚያው ቀረ። ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዘመድና ከሚያውቋቸው መካከል ፈለጉት፣ አጡት። ተመልሰው ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው አገኙት።

እርሱ አምላክ ነውና መጥፋት አይነገርለትም፤ በአባቱ ቤት ነበር። ለእኛ ለወላጆች ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። እመቤታችንና ዮሴፍ ቸልተኞች አልነበሩም። ግን «አብሮን ነው» ብሎ ማሰብ እንዲህ ካለ ቅዱስ ቤተሰብ ላይ ከደረሰ፣ እኛማ ስንት ጊዜ «አብሮን ነው» ብለን የቀን መንገድ ሄደን ይሆን? የእኔ ልጅ ከአጠገቤ ሳይነሣ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

ደግሞ እመቤታችን ስታገኘው ምን አደረገች? ጠየቀችው። ለምን እንዲህ እንዳደረገባቸው፣ በጭንቀት ሲፈልጉት እንደ ነበር ነገረችው። መልሱንም ሰማች፤ ባይገባቸውም ነገሩን በልቧ ጠበቀችው። እርሱም አብሯቸው ወርዶ ታዘዘላቸው። እንግዲህ ልጅን መጠየቅ ማለት ልጅ ቤቱን ያስተዳድር ማለት አይደለም። ጥያቄም መታዘዝም በዚያው አንድ ምዕራፍ ውስጥ ተጽፈዋል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ መታዘዙን ይዘን ጥያቄውን እንዘለዋለን።

ታዲያ ስለቱ የማን ነው?

አንዳንዱ አንባቢ፣ «ወላጅ ስለ ልጁ ቃል መግባት ካልቻለ፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ስለ እነሱ ሰይጣንን የሚክድላቸውስ ማን ነው?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የክርስትና አባትና እናት ስለ ሕፃኑ ይመልሳሉ። ግን በዚያች ሰዓት ዕዳ የሚገባው ማን ነው? ሕፃኑ አይደለም፤ አሳድጎ፣ አስተምሮ ሊያቀርበው ቃል የገባው ሰው ነው። ልጁ ሲያድግ ደግሞ ያንን እምነት በራሱ አፍ ይመሰክረዋል።

የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና ልጅ ሳትወልድ ተሳለች (1ሳሙ. 1)። ቃሏን አልረሳችም፤ ግን አልተቻኮለችም። ባሏ በየዓመቱ ወደ ሴሎ ሲወጣ እሷ ጡት እስኪጥል ድረስ ከሕፃኑ ጋር ቤቷ ቆየች። ባሏም ደስ ያሰኘሽን አድርጊ አላት እንጂ «ስለት አለብሽና ዛሬውኑ ተነሺ» አላላትም። ልጁ ለመንገድ እስኪደርስ ስለቱ ጠበቀ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ሲያድግ እግዚአብሔር በሌሊት ሲጠራ ሐናን አልጠራም። «ሳሙኤል» ብሎ በስሙ ጠራው፤ «አቤት» ያለው ራሱ ልጁ ነው (1ሳሙ. 3)። የእናት ስለት ልጁን እስከ ደጁ ያደርሰዋል። «አቤት» የሚለው ግን ልጁ ነው።

በሌላ በኩል ዮፍታሔን እናስበው (መሳ. 11)። ከሰልፍ በሰላም ብመለስ ከቤቴ ሊቀበለኝ የሚወጣውን እሰጣለሁ ብሎ ቸኩሎ ተሳለ። የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች። አባት የተናገረውን ልጅ ከፈለች። መጽሐፍ ይህን የጻፈልን እንድንደነግጥ ነው። ሐና ራሷ የምትከፍለውን ተሳለች፤ ናፍቆቱም የእሷ፣ በየዓመቱ የምትሠራለት ትንሽ ቀሚስም የእሷ ነበር። ዮፍታሔ ግን በሌላ ሰው ሕይወት ተሳለ።

ስለዚህ ለልጄ ጥያቄ አሁን መልስ አለኝ። «እኔ መቼ ተሳልኩ?» ላለው፣ «አልተሳልክም ልጄ። የተሳልነው እኛ ነን። ብሩ የእኛ፣ ድካሙ የእኛ፣ አንተን በሰላም መጠበቁም የእኛ ዕዳ ነው። አንተን የምንለምንህ አብረኸን እንድታመሰግን ነው» እለዋለሁ።

ልጅ ይዞ መፈታተን

የባለቤቴ ሌላው ሐሳብ፣ «ስለት የያዘ አይነካም» የሚለው ነበር። እምነቷን አልነቅፍም። ነገር ግን ጌታችን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ራሱን ወደታች ቢወረውር መላእክት እንደሚይዙት ፈታኙ ሲነግረው እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ መልሶለታል (ማቴ. 4)። አረጋዊው ዮሴፍም ሕፃኑን ይዞ ከግብፅ ሲመለስ፣ በይሁዳ አርኬላዎስ መንገሡን ሰምቶ ወደዚያ መሄድ ፈራ። በሕልምም ተነግሮት መንገዱን ወደ ገሊላ አዞረ (ማቴ. 2፡22)። አብሮት ያለው የዓለም መድኃኒት ሆኖ ሳለ ዮሴፍ ፈራ፣ መንገድም ቀየረ። ወንጌላዊውም ይህን ፍርሃቱን እንደ ነውር አልጻፈበትም።

ደብረ ሊባኖስ እኮ ራሱ የሰማዕታት ደም የፈሰሰበት ገዳም ነው። አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት፣ አንድ እግራቸው እስኪሰበር ቆመው የጸለዩበት ቦታ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም የፍልሰተ ዐፅማቸው በዓል በሚከበርበት ሰሞን የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱን፣ ካህናቱንና ወጣት ዲያቆናቱን ሰብስቦ ፈጃቸው። አባታችን ይህን ሲነግሩን፣ «ሰማዕትነት ሲመጣ በእምነት ይቀበሉታል እንጂ፣ ልጅ ይዘው ሄደው አይፈልጉትም» አሉን። ባለቤቴ የረታት ይህ ቃል ነው።

ፍርዳቸውም አጭር ነበር። ስለቱ አይሰረዝም፣ ቀኑ ይገፋል። ጃንጥላው ይቀመጥ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እስከዚያው ግን በነሐሴ 24 የጻድቁ ጽላት ባለበት በአቅራቢያችሁ ባለ ቤተ ክርስቲያን አመስግኑ። ጉዞውንም ልጁ ያቅደው አሉ።

ልጁ ያቀደው ጉዞ

ጉዞው ከቤታችን የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ስንት ሰዓት እንነሣለን? ትንሿ እኅቱ የት የት ታርፋለች? ወንዙ ሞልቶ ቢገኝስ በየት እንዞራለን? የማያውቀውን አያቱን ጠየቀ። መንገዱ ሰላም መሆኑን እኔ ከሰፈር ሽማግሌዎች አጣራሁ፤ ያ የልጅ ሥራ አይደለምና። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ስንቁ የጾም እንዲሆን ያስታወሰን ራሱ ነው። ጧፉን ደግሞ በቡሄ ሆያ ሆዬ ብሎ ባገኘው ገንዘብ ገዛ። ማንም አላዘዘውም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ ጉሙም ድፍን ያለ። መሐል መንገድ ላይ የጠበል መቅጃውን ጀሪካን እንደረሳው አወቀ። ፊቱ ጥቁር አለ። «ነግሬህ ነበር!» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እሱም ትንሽ አሰበና፣ «በውኃ መጠጫው ኮዳ እንቀዳለን» አለ። በቃ፣ ተቀዳ።

ስንመለስ ጉሙ ተገልጦ ነበር። ከአፋፉ ላይ ቆመን ዳቦ ቆረስን። ልጁ ማዶውን እያየ፣ «አባዬ፣ ደብረ ሊባኖስ በዚያ በኩል ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ከዚያ ተራራ ወዲያ» አልኩት። ትንሽ ቆየና፣ «መንገዱ ሲከፈት ጃንጥላውን የምይዘው እኔ ነኝ» አለ።

እናቱና እኔ ተያየን። ያ የእሱ «አቤት» ነበር።

ልጅ ይዛችሁ ለምትጓዙ

ውድ ምእመናን፣ በገጠርም ሆነ በከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትኬት ቆርጣችሁ ከጉዞ ማኅበራት ጋር ብትሄዱ፣ ወይም ከባሕር ማዶ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አገር ቤት ብትመጡ፣ ይህችን ልብ በሉልን።

ሀ. ልጁን ሳትወስኑ በፊት ጠይቁት። ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ሕፃንም አዋቂም አይደለም፤ ይሰማል፣ ይፈራል፣ ግን ካልጠየቁት አይናገርም። ዝም ካለ ደግማችሁ ጠይቁት።

ለ. የሚሄድበትን ቦታ ታሪክ አስቀድማችሁ ንገሩት። ማን እንደ ቆመበት ያላወቀው ደጅ ለልጅ ግድግዳ ነው።

ሐ. በአቅሙ የሚሸከመው እውነተኛ ሥራ ስጡት፤ ስንቁን፣ ሰዓቱን፣ የታናሹን እጅ። ቢረሳ አትጩኹበት።

መ. የጾሙን ልክ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። መንገድና ጾም አንድ ላይ ልጅን ሊጥሉት ይችላሉ።

ሠ. የመንገዱን ሰላም ማጣራት የወላጅ ግዴታ ነው። መንገዱ ካልሆነ ቀን መግፋት ስለት መካድ አይደለም። ግን በራሳችሁ አትወስኑ፣ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ረ. ልጃችሁ ስለታችሁን እንደ ማስፈራሪያ እንዳይሰማው ተጠንቀቁ። «ስለት አለብህ» ከማለት «ልናመሰግን ነው፣ አብረኸን ና» በሉት።

ጃንጥላው ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ከቁም ሳጥናችን ላይ ተጠቅልሎ አለ። ልጁ ቁመቱ እናቱን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። አልፎ አልፎ ወንበር ላይ ወጥቶ አቧራውን ሲያራግፍ አየዋለሁ። ማንም አላዘዘውም።

ቸሩ አምላካችን ለአገራችን ሰላሙን፣ ለመንገዶቻችን ደኅንነቱን ያውርድልን። በየቤቱ ስለት ይዘው መንገድ የሚጠብቁትን እናቶች ሁሉ በፍቅር ያስፈጽማቸው። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።